መሬቱን ከመረከብዎ በፊት አፈሩን ይጠይቁ

በክልላችን አንድ አርሶ አደር መሬት ሊከራይ ወይም ከተማ ገብቶ ቤት ሊገዛ ሲያስብ የሚያጣራው ነገር ጥቂት አይደለም። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደተጻፈ ያያል። ድንበርተኞችን ያነጋግራል። ቦታው የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድ ወይም የወራሾች ክርክር እንደሌለበት ያረጋግጣል። ሽማግሌ ይዞ፣ እማኝ ቆጥሮ ይዋዋላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይታለፋል፤ "በዚህ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ምን ይሠራበት ነበር? አፈሩና ውሃው ውስጥስ ምን ገብቷል?" የሚለው።

ድንበር ቢዛባ በሽማግሌም በዳኛም ይስተካከላል። ዕዳ ቢገኝ ይከፈላል። አፈሩ በመርዛማ ኬሚካል ወይም በከባድ ብረታ ብረት መበከሉ ውል ተፈርሞ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ከታወቀ ግን መፍትሔው ሩቅ ነው። የማጽጃ ወጪው ከዓመት ኪራዩ፣ አልፎ ተርፎም ከቤቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ጉዳቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። ቡቃያው ለምልሞ፣ የጉድጓዱም ውሃ ኩልል ብሎ እየታየ ጤና ሊጎዳ ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምቦልቻ፣ በደብረ ብርሃን፣ በባሕር ዳርና በመሳሰሉት ከተሞች ዙሪያ ትናንት እርሻ የነበረው ቦታ ዛሬ የፋብሪካ፣ የጋራዥ ወይም የመጋዘን ሰፈር ሆኗል። መሬቱን ለልማት የለቀቀ አርሶ አደር ካሳውን የሚቀበለው አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ገንዘብ ቤት ይገዛል፣ ለመስኖ የሚሆን ማሳ ይከራያል፣ ከብት ያደልባል። ያ አንድ ጊዜ የተገኘ ገንዘብ በተበከለ ቦታ ላይ ከዋለ ሁለተኛ ካሳ የሚሰጠው የለም። አበው "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ማለታቸው እዚህ ላይ ይሠራል።

መብት ይተላለፋል፤ አፈሩም ታሪኩን ይዞ ይመጣል

በ1987 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደንግጓል። ስለዚህ በአገራችን "መሬት ገዛሁ" የሚል ሰው በሕግ ፊት የገዛው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤትና ንብረት ነው። በገጠር ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ያከራያል፣ ያወርሳል፣ በስጦታ ያስተላልፋል። በከተማ ደግሞ ቦታ በሊዝ ይያዛል፤ የተሠራበት ቤትም ይሸጣል።

ይህ አሠራር አንዳንዱን ያዘናጋዋል። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ብክለቱም የመንግሥት ጣጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ከማሳው የሚበላው፣ ከጉድጓዱ የሚጠጣው፣ በግቢው አቧራ ላይ ልጆቹን የሚያሳድገው ቦታውን የተረከበው ሰው ነው። ደብተሩ ላይ ስም ይቀየራል፤ አፈሩ ውስጥ የገባው ግን በስም ዝውውር አይለቅም።

በየትኞቹ ቦታዎች ይጠርጠር?

የመጀመሪያው የቆየ የፀረ ተባይ መጋዘን ያለበት ወይም የነበረበት ቦታ ነው። በአገራችን ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ መከላከያ ተብለው ለብዙ አሥርት ዓመታት የገቡ ኬሚካሎች በየአካባቢው ተከማችተው ቆይተው ጊዜ ያለፈባቸው ሆነዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ መላኩ ይታወቃል። ኬሚካሉ ቢነሳም መጋዘኑ የቆመበት፣ በርሜሉ ያንጠባጠበበት፣ ከረጢቱ የተራገፈበት አፈር እዚያው ነው። መጋዘኑ ፈርሶ ቦታው ለሌላ አገልግሎት ሲውል ደግሞ ታሪኩ ከሰው አፍ ይጠፋል።

ሁለተኛው የከብት መንከሪያ ገንዳ የነበረበት ቦታ ነው። መዥገርና ሌሎች ጥገኛ ተባዮችን ለማጥፋት በገንዳው ውስጥ የሚበጠበጠው ኬሚካል ከብቱ ሲወጣ በዙሪያው ይንጠባጠባል፤ ገንዳው ሲጸዳም አቅራቢያው ወዳለ መሬት ይደፋል። ገንዳው በአፈር ከተሞላ በኋላ ቦታው ተራ ግጦሽ ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛው ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የመኪና እጥበትና የባትሪ መጠገኛ ነው። ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ዝጎ ሲያፈስ ከላይ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ነዳጁ ቀስ ብሎ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወርዶ የጎረቤት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከነዳጅ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ የሆነው ቤንዚን የተሰኘው ውህድ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ አሲድ የሚደፋበት ግቢ ደግሞ ሊድን በአፈሩ ላይ ያከማቻል።

አራተኛው ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ፣ ከብረታ ብረት ሥራና ከመሳሰሉት ፋብሪካዎች በታች በወንዝ ዳር ያለ የመስኖ መሬት ነው። ቆዳ ለማልፋት በብዛት የሚውለው ክሮሚየም ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ በመስኖ ቦይ አድርጎ ማሳ ላይ ይደርሳል። ዝቃጩን "ለአፈር ማዳበሪያ ይሆናል" ብሎ የሚበትን ካለ ጉዳቱ ይብሳል።

አምስተኛው ቆሻሻ የተደፋበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ አደጋ ቆሻሻ በተከመረበት አካባቢ መኖር ምን ሊያስከትል እንደሚችል በመራራ መንገድ አሳይቷል። ክምሩ ባይናድ እንኳ በዝናብ ወቅት ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል፤ ከተቀበረው ቆሻሻ የሚወጣው ሚቴን ጋዝም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በዚህ ላይ የኤሌክትሪክና የስልክ ምሰሶ በኬሚካል የሚነከርበት ቦታ፣ በሜርኩሪ ወርቅ የሚለይበት ሥፍራ፣ እንዲሁም ብዙ ርጭት ሲካሄድበት የቆየ ሰፊ የአበባ ወይም የጥጥ እርሻ ሊታከል ይገባዋል። ከእነዚህ በአንዱ የተሠራበት ቦታ ሁሉ ተበክሏል ማለት አይደለም። ሳይጠየቅና ሳይመረመር መረከብ የለበትም ማለት ነው።

ብክለቱ እንዴት ከአፈር ወደ ገበታ ይደርሳል?

አርሶ አደሩ ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ሁሉም ብክለት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

ሊድ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የመሳሰሉት ከባድ ብረታ ብረቶች አይበሰብሱም። ፀሐይም ሆነ ጊዜ አያጠፋቸውም። ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ ወደ ተክል የሚገባው ካድሚየም ነው። በተለይ እንደ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ከአፈር ስበው በቅጠላቸው ያከማቹታል። ይህን በማጠብ ማስወገድ አይቻልም፤ በቅጠሉ ውስጥ ነውና። ሊድ በአብዛኛው በአፈሩና በሥሩ ላይ ይቀራል፤ ወደ ሰው የሚገባውም ይበልጡን በአቧራና በአፈር አማካይነት ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የሚጫወቱ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው። ሊድ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ካድሚየም ደግሞ በኩላሊትና በአጥንት ላይ ይበረታል።

የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች በጋራ ባቋቋሙት የምግብ ደረጃ ኮሚሽን መሠረት በአንድ ኪሎ ግራም ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ሊኖር የሚችለው የካድሚየም ጣሪያ 0.2 ሚሊ ግራም፣ የሊድ ጣሪያ ደግሞ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ለመስኖ የሚውል ውሃ በአንድ ሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ ክሮሚየም እንዳይኖረው ይመከራል። ቁጥሮቹ ማነሳቸው ራሱ ጉዳዩ በዓይንና በምላስ የሚለይ አለመሆኑን ያሳያል።

ለክልላችን ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነጥብ አለ። የአፈር አሲዳማነት በጎጃምና በአዊ አካባቢዎች ዋነኛ የምርት ችግር እንደሆነ አርሶ አደሩም ባለሙያውም ያውቀዋል። አሲዳማ አፈር ምርት ከመቀነሱ ሌላ ካድሚየምን ይበልጥ እንዲሟሟና ወደ ተክሉ እንዲገባ ያደርጋል። ተመሳሳይ ብክለት ያለባቸው ሁለት ማሳዎች ቢኖሩ አሲዳማው የበለጠ አደገኛ ነው።

እንደ ዲዲቲ፣ አልድሪንና ዲልድሪን ያሉ የቆዩ ፀረ ተባዮች ባሕርይ ደግሞ ሌላ ነው። ይበሰብሳሉ፤ ግን እጅግ ዘግይተው። በአፈር ውስጥ ያለው ዲዲቲ ግማሹ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ስምምነት እነዚህን ኬሚካሎች ለማስወገድ ወይም አጠቃቀማቸውን በጥብቅ ለመገደብ የወጣውም ስለዚህ ነው። ኬሚካሎቹ በስብ ውስጥ ይከማቻሉ። በተበከለ ቦታ ላይ የምትግጥ ላም በወተቷና በቅቤዋ ታስተላልፋቸዋለች። ከተክሎችም ዱባና ዝኩኒ ከሌሎች ይልቅ ከአፈር የመሳብ ችሎታ እንዳላቸው ተረጋግጧል።

የነዳጅና የዘይት ብክለት በአንጻሩ አየርና እርጥበት ሲያገኝ በአፈር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚበላ ነው። አደጋው የሚበረታው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲወርድ ነው።

ከሩቅም ከቅርብም የተገኘ ትምህርት

ቅርባችን ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ቦርከና ነው። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉ ትናንሽ ጅረቶች ወደ ቦርከና ይገባሉ። በነዚህ ጅረቶች ላይ የተካሄዱ ሳይንሳዊ ጥናቶች ከቆዳ ሥራ የሚመጣ ክሮሚየምን ጨምሮ የከባድ ብረታ ብረቶች ጫና መኖሩን አሳይተዋል። በአዲስ አበባ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ የሚለሙ አትክልቶች ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሲሰጡ ቆይተዋል። በእንዲህ ዓይነት ወንዝ ዳር የመስኖ ማሳ የሚከራይ ሰው አፈሩን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም አብሮ ይከራያል።

ብክለቱ ከተፈጸመ በኋላ ማጽዳት ምን ያህል እንደሚከብድ የጃፓን ገበሬዎች ያውቃሉ። በቶያማ ግዛት ጂንዙ በተባለ ወንዝ ላይ ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም በመስኖ ወደ ሩዝ ማሳዎች ገባ። ሩዙን ሲበሉ የኖሩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ ተሰባበረ። ሕመሙ ከባድ ስለነበር የበሽታው ስም በቋንቋቸው "ያማል፣ ያማል" ማለት ሆነ። የጃፓን መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን እ.ኤ.አ በ1968 አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ከ800 ሄክታር በላይ የሆነውን የተበከለ እርሻ አፈሩን እየቀየሩ ማስተካከል ከ30 ዓመት በላይ ወስዷል።

ከርክክብ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ትምህርት የተገኘው ደግሞ ከአሜሪካ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ናያጋራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል በተባለ ቦታ አንድ የኬሚካል ኩባንያ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ቆሻሻ ቀበረ። በ1953 ቦታውን ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስረከበ። በርክክቡ ሰነድ ላይ በቦታው ኬሚካል መቀበሩን የሚያመለክት፣ ኩባንያውም ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ ቃል ሰፍሮ ነበር። ቦርዱ ትምህርት ቤት ሠራበት። በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በኋላ ቤት የገዙት ቤተሰቦች ግን ስለተቀበረው ነገር የነገራቸው አልነበረም። በ1970ዎቹ ኬሚካሉ በየምድር ቤቱና በየግቢው ሰርጎ መውጣት ጀመረ። በ1978 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአደጋ ጊዜ አወጁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቀያቸውን ለቀቁ።

ልብ ይበሉ፤ በላቭ ካናል እውነቱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። የጎደለው ወረቀቱ ከመሬቱ ጋር ከእጅ ወደ እጅ አለመሄዱ ነው። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው ሕግ ብክለት ያለበትን ቦታ የያዘ ሰው ራሱ ባይበክለውም ለማጽጃው ሊጠየቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት እዚያ ለንግድ የሚውል ይዞታ የሚገዛ ሁሉ የቦታውን የቀድሞ ታሪክ በባለሙያ ማስመርመር የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ከመዋዋል በፊት የሚደረጉ አምስት ነገሮች

አንደኛ፣ ታሪኩን መጠየቅ። ምንም ወጪ የማይጠይቀውና ብዙ የሚያስገኘው ይህ ነው። አካባቢውን ለ30 እና ለ40 ዓመት የሚያውቁ አባቶችና እናቶች፣ የቀድሞ የመጋዘን ጠባቂዎች፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኞች ይነጋገሩ። "እዚህ ምን ነበር? በርሜል የተቀበረበት ቦታ አለ? ከብት የሞተበት ጊዜ ነበር?" ተብሎ ይጠየቅ። አከራዩን ወይም ሻጩን ብቻ ጠይቆ መመለስ በቂ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦታውን በእግር መዞር። ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ዘይት፣ ሣር የማይበቅልበት ገላጣ ቦታ፣ የተለየ ቀለም ያለው አፈር፣ የኬሚካል ወይም የነዳጅ ሽታ፣ ከመሬት ብቅ ያለ ቱቦ፣ የተቀበረ በርሜል ጠርዝ፣ የፈረሰ የሲሚንቶ ገንዳ ይታዩ። ከማሳው በላይ በኩል ምን እንዳለም ይቃኝ፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች ነውና።

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤቶችን መጠየቅ። የወረዳው ግብርና፣ መሬት፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ውሃና ጤና ጽሕፈት ቤቶች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል። ቀበሌው የሰማው ቅሬታ ይኖራል። በአቅራቢያው ፋብሪካ ካለ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱ ላይ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ መጠቀስ አለበት።

አራተኛ፣ ጥርጣሬ ካለ ማስመርመር። መደበኛው የአፈር ምርመራ የሚያሳየው የአሲድ መጠንና የማዳበሪያ ፍላጎት ነው፤ ከባድ ብረታ ብረትንና ፀረ ተባይን አያሳይም። ስለዚህ ናሙና ሲላክ የሚፈለገው ምርመራ በስም ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። ለሙሉ ማሳ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተወስዶ ይቀላቀላል፤ ከዚያም 1 ኪሎ ግራም ያህል በንጹሕ ከረጢት ይላካል። የሚጠረጠረው ቦታ አፈር ግን ከሌላው ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ለብቻው ይወሰድ፣ ለብቻው ይታሸግ። አለበለዚያ ንጹሑ አፈር የተበከለውን ይሸፍነዋል። የቆርቆሮ ባልዲና የዛገ መሣሪያ ውጤቱን ስለሚያዛባ የፕላስቲክ ዕቃ ይመረጣል። የጉድጓድ ውሃ ካለም አብሮ ይመርመር።

አምስተኛ፣ ያወቁትን በውል ውስጥ ማስገባት። የኪራይም ሆነ የሽያጭ ውል ስለ ድንበርና ስለ ክፍያ ከሚናገረው ጋር እንዲህ የሚል አንቀጽ ቢጨመርበት ይጠቅማል፦ "አከራይ በዚህ ይዞታ ላይ የኬሚካል መጋዘን፣ የከብት መንከሪያ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ የቆሻሻ መድፊያ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ያልነበረ መሆኑን አረጋግጣለሁ። የነበረውን ደብቄ ከተገኘሁ የተቀበልኩትን ገንዘብ ከደረሰው ኪሳራ ጋር እመልሳለሁ።" ይህን ለመፈረም የሚያመነታ ሰው ካለ ማመንታቱ ራሱ መልስ ነው። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል መመዝገብ ይኖርበታል።

ከተረከቡ በኋላ ቢታወቅስ?

ሕጉ ባዶ እጅ አይተውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ የደረሰበት መሆኑን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ቀኖቹ መቆጠራቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ የገባበትም ቀን ተመዝግቦ ቅጂው ይያዝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሁለት በር ይከፍታል። ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢው ግን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። በተጨማሪም በቁጥር 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት ወይም በመጠቀም በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ኃላፊ እንደሚሆን ተደንግጓል። "ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" እንደሚባለው በመዘግየት ማስረጃም መብትም ይጠፋል።

እስከዚያው ድረስ ማሳው ሙሉ በሙሉ የሞተ ነው ማለት አይደለም። በከባድ ብረታ ብረት የተጠረጠረ አሲዳማ አፈር ኖራና ብስባሽ ሲጨመርበት ወደ ተክል የሚገባው ካድሚየም ይቀንሳል። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ማምረት ቆሞ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ የማይበላ ተክል ሊለማበት ይችላል። በፀረ ተባይ የተጠረጠረው ቦታ ለግጦሽ መዋል የለበትም። የነዳጅ ሽታ ያለው የጉድጓድ ውሃ ቢፈላም አይጠጣ፤ ማፍላት ተህዋስን ይገድላል እንጂ ኬሚካልን አያስወግድም።

የወረዳ ኃላፊዎች ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ጥንቃቄ ሁሉ በግለሰብ ትከሻ ላይ ብቻ ቢጣል ፍትሐዊ አይሆንም። የቦታውን ታሪክ በአንድነት ሊይዝ የሚችለው የወረዳው አስተዳደር ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ወረዳ በውስጡ ያሉትንና የነበሩትን የፀረ ተባይ መጋዘኖች፣ የከብት መንከሪያዎች፣ የቆሻሻ መድፊያዎች፣ ማደያዎችና የፋብሪካ ፍሳሽ መውረጃዎች ሊመዘግብ ይገባል። ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሊያዘጋጁት የሚችሉት ዝርዝር ነው። አስቸኳይም ነው፤ ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው የገፋ ነውና።

ቀጥሎ ዝርዝሩ ከመሬት መዝገቡ ጋር መያያዝ አለበት። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማሳውን በካርታ ያሳያል። በዚያው መዝገብ ላይ "በዚህ ማሳ ወይም በአቅራቢያው ከዚህ በፊት የኬሚካል መጋዘን ነበር" የሚል አንድ መስመር ቢገባ ከዚያ በኋላ ኪራይም ሆነ ውርስ የሚመዘግበው ባለሙያ ለተዋዋዮቹ ሊነግራቸው ይችላል። በላቭ ካናል የጠፋው ይህች አንድ መስመር ናት።

ሦስተኛው መንግሥት ራሱ በሚያስረክባቸው ቦታዎች ላይ ነው። ለተነሺ አርሶ አደር ምትክ መሬት ሲሰጥ፣ ለወጣቶች ማኅበር የማምረቻ ሼድ ሲመደብ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ ቦታ ሲመረጥ አስረካቢው የአስተዳደር አካል ነው። ዜጋው ቦታውን አልመረጠም። ስለዚህ የቀድሞ አገልግሎቱ መጣራቱ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል። ማደያ ወይም ጋራዥ ሲዘጋም ቦታው ለሌላ ከመተላለፉ በፊት አካባቢ ጥበቃ እንዲያየው ማድረግ ያስፈልጋል።

የዛሬው ባለይዞታ የነገ አስረካቢ ነው

በመጨረሻ ጉዳዩ የፋብሪካና የመጋዘን ብቻ አይደለም። በየማሳው ዳር የሚጣለው ባዶ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ዕቃ፣ በጓሮ የሚደፋው ትርፍ ብጥብጥ፣ በምንጭ አጠገብ የሚታጠበው መርጫ ሁሉ የነገውን አፈር ይጽፋል። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስ፤ ዕቃው ተበስቶ ዳግም ለውሃና ለዘይት እንዳይውል ይደረግ፤ በተወሰነለትም ቦታ ይሰብሰብ። ጊዜ ያለፈበት ኬሚካል ያለው ሰው አይቅበረው፤ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅ።

አርሶ አደሩ ደብተሩን ለልጁ ሲያወርስ ድንበሩን አሳይቶ ያስረክባል። በማሳው ላይ የተረጨውን፣ የፈሰሰውንና የተቀበረውንም አብሮ ቢነግረው ውርሱ የተሟላ ይሆናል። ተረካቢውም፣ ልጅም ይሁን ተከራይ ወይም ገዢ፣ ደብተሩን ከማየቱ ጋር አፈሩን ይጠይቅ። ጥያቄው የሚፈጀው የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ነው፤ ሳይጠየቅ የቀረው ግን ለዓመታት ያስከፍላል።